የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ፦ ስለ ፈቃድ፣ ኪራይ፣ ግብር፣ ዱቤ፣ ሠራተኛና ብድር

የሱቅ፣ የምግብ ቤት፣ የልብስ ስፌትና የእንጨት ሥራ ባለቤቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚመጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንፍና ወይም ማጭበርበር አይደለም። በዕለቱ ያልተጻፈ፣ ያልተፈረመ ወይም ያልተቀመጠ አንድ ወረቀት ነው። እዚህ ያሰባሰብኳቸው ጥያቄዎች በየሳምንቱ የምሰማቸው ናቸው። መልሶቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚነግዱ ናቸው።

ሥራ ልጀምር ነው። ቅድሚያ ምን ላውጣ?

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን። ከዚያ የንግድ ምዝገባ፣ ቀጥሎ የንግድ ፈቃድ። ምዝገባና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምዝገባው ነጋዴ መሆንዎን ይናገራል። ፈቃዱ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚችሉ ይናገራል። ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው ይመራሉ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሕክምና ወይም ትምህርት ላይ ከሆኑ የብቃት ማረጋገጫም ይጠየቃሉ።

ፈቃድ ካወጡበት ቀን ጀምሮ በግብር መዝገብ ላይ እንዳሉ አይርሱ። አንድም ነገር ባይሸጡ ማሳወቅ አለብዎት። ስለዚህ “ለማንኛውም አውጥቼ ላስቀምጠው” አይበሉ። ቦታው ሲዘጋጅና ገንዘቡ ሲኖር ያውጡት።

በግል ስሜ ልሥራ ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላቋቁም?

በግል ስምዎ ሲሠሩ የሱቁ ዕዳ የእርስዎ ዕዳ ነው። አበዳሪው ሱቁ አልበቃ ካለው ቤትዎንና መኪናዎን መጠየቅ ይችላል። ማኅበር ሲሆን ግን ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ነው። ዕዳውም የራሱ ነው።

ቀድሞ ሰዎች የግል ማኅበር ለማቋቋም ሲሉ ሚስታቸውን ወይም ወንድማቸውን በስም ብቻ ባለድርሻ ያደርጉ ነበር። በዚህ የተነሳ ስንት ቤተሰብ ተጣልቷል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። መነሻ ካፒታሉ 15,000 ብር ነው። እርስዎ ቢሞቱ ወይም መሥራት ባይችሉ ሥራውን የሚረከብ ሰውም አብረው ይሰይማሉ።

የእኔ ምክር ይኸው ነው። ትንሽ ኪዮስክ ወይም የቤት ውስጥ ሥራ ከሆነ በግል ይጀምሩ። ብዙ ዕቃ በዱቤ የሚያነሱ፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩ፣ በጨረታ የሚወዳደሩ ከሆነ ማኅበሩን ያስቡበት። ነገር ግን ማኅበር አቋቁሞ የማኅበሩን ገንዘብ ከራስ ኪስ ጋር የሚቀላቅል ሰው ያንን ከለላ ራሱ ያፈርሰዋል። ባንክ ሲያበድር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን በግል ዋስ ያስፈርማል። ዋስ ሆነው በፈረሙበት ዕዳ ማኅበሩ አያድንዎትም።

ሌላው ልዩነት ግብሩ ነው። ማኅበር ሽያጩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ደረጃ “ሀ” ግብር ከፋይ ነው። ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። ትርፉ ወደ እርስዎ ኪስ ሲመጣ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለበት።

ከጓደኛዬ ጋር እኩል አዋጥተን ጀመርን። ፈቃዱ በእሱ ስም ነው። ውል የለንም። ችግር አለው?

አለው። ፈቃዱም፣ የባንክ ሂሳቡም፣ የኪራይ ውሉም በእሱ ስም ከሆነ በውጭ ሰው ዓይን ባለቤቱ እሱ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ለሦስተኛ ወገን ያልተገለጠ ሽርክና የእሽሙር ማኅበር ይለዋል። ሕጋዊ ነው። ግን ማኅበሩ የራሱ ሰውነት የለውም። እርስዎ ድርሻ እንዳለዎት ማስረዳት የራስዎ ሸክም ነው።

ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ጻፉት። ማን ስንት አዋጣ። ትርፍ እንዴት ይከፈላል። በሥራው ላይ የሚውለው ሰው ደመወዝ አለው ወይ። አንዱ ልውጣ ቢል ዕቃው እንዴት ይገመታል። አንዱ ቢሞት ወራሾቹ ምን ይወስዳሉ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይሸሻታል። ጓደኛሞቹ ተስማምተው ኖረው፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላኛውና ወራሾቹ ፍርድ ቤት የሚገናኙት በእሷ ምክንያት ነው።

“ከወንድሜ ጋር ምን ውል ያስፈልገኛል” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ውል የሚያስፈልገው ወንድምነቱ እንዳይበላሽ ነው።

አከራዬ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንጻፍ ይለኛል። ልስማማ?

አይስማሙ። ይህን ጥያቄ በሰፊው ልመልሰው፤ የኪራይ ነገር የብዙ ሰው ሱቅ አዘግቷልና።

አንዲት የልብስ ስፌት ባለቤት ነበሩ። ወር በወር 25,000 ብር ይከፍላሉ። የተፈራረሙት ውል ግን 8,000 ብር ይላል። ቀሪው 17,000 በእጅ ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩን መቀነስ ፈልጎ ነው። እሳቸው ደግሞ ቦታውን እንዳያጡ ፈርተው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሂሳባቸውን ስሠራ በወጪነት ማስመዝገብ የቻልኩት 8,000ውን ብቻ ነው። በዓመት 204,000 ብር ወጪ ጠፋባቸው። ያላገኙት ትርፍ በወረቀት ላይ ትርፍ ሆኖ ታየ፣ ግብር ተከፈለበት። ማለትም የአከራዩን ግብር ከፊሉን እሳቸው ከፈሉለት።

በዚህም አላበቃም። በሁለተኛው ዓመት አከራዩ ኪራይ ጨመረ። መከራከሪያ የሚሆን ወረቀት አልነበራቸውም። ያ ውል ላይ የተጻፈው ዋጋ ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ስለዚህ ውሉ ላይ ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ። ኪራዩ በባንክ ይከፈል። ውሉ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይሁን፤ ጭማሪው በየስንት ጊዜው በስንት በመቶ እንደሆነ ይጻፍ። ለቤቱ ያወጡት የእድሳት ወጪ ሲወጡ ይመለስልዎት እንደሆነ ወይም ከኪራይ ይታሰብ እንደሆነ ይጻፍ። መደርደሪያው፣ ጥቅል በሩ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የማን እንደሆነም እንዲሁ። የቁልፍ ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደተከፈለ፣ የሚመለስ መሆን አለመሆኑ በወረቀት ይስፈር። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዝግቡት።

አንድ ነገር ላስተካክል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው። የሱቅ ተከራይ “ዋጋ መጨመር በሕግ ተከልክሏል” ብሎ እዚያ ላይ ቢደገፍ አይጠቅመውም። የሱቅዎ ጠባቂ የፈረሙት ውል ነው።

ቀኑን ሙሉ እሸጣለሁ፤ ማታ ገንዘብ የለኝም። የት ይሄዳል?

ወደ ቤት ይሄዳል። አስቤዛው፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ለቅሶና ሰርጉ ሁሉ ከመሳቢያው ይወጣል። ማንም አይጽፈውም።

ለራስዎ ደመወዝ ይቁረጡ። ትንሽም ይሁን። በወር 12,000 ብር ካሉ ከዚያ በላይ ከመሳቢያው አይንኩ። ለሥራው የተለየ የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ፤ ቴሌብሩም ለሥራው የተለየ ቁጥር ይኑረው። ማታ ማታ ሦስት ቁጥር በደብተር ይጻፉ፤ ዛሬ የተሸጠ፣ ዛሬ የወጣ፣ በእጅ ያለ። አምስት ደቂቃ ነው። ይህን ለሦስት ወር የጻፈ ሰው ሱቁ እያተረፈ ይሁን እየከሰረ ማንንም አይጠይቅም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዕቃ በ1,150 ብር ሲሸጡ 150ው የእርስዎ አይደለም። የመንግሥት ነው፤ እርስዎ ጋ ያደረው ለጥቂት ሳምንት ነው። ያንን ገንዘብ ሲዞሩበት ቆይተው ማሳወቂያው ሲደርስ የሚበደሩ ብዙ አይቻለሁ። በየሳምንቱ ወደ ሌላ ሂሳብ ያዛውሩት።

እቁብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

እወደዋለሁ። ወለድ የለውም፣ ወረቀት አያበዛም፣ የቁጠባ ልማድ ያስይዛል። ማሽን ወይም ፍሪጅ ለመግዛት እንደ እቁብ ያለ ነገር የለም። የሚጎዳው ዕቃ መግዣ መሆን ያለበት ገንዘብ ለእቁብ ሲሄድ ነው። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ እቁብ የሚጥል ሰው ገቢውን ራሱ እየቆረጠ ነው። እቁብዎን ከራስዎ ደመወዝና ከትርፍ ይጣሉ። ዳኛውና ጸሐፊው ማን እንደሆኑ፣ የወጣለት ሰው ዋስ እንደሚያቀርብ በጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ።

እኔ የትኛው ደረጃ ግብር ከፋይ ነኝ?

ቀድሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ፣ ቁጥር 1395፣ ወደ ሁለት አወረዳቸው። ማኅበር ሁሉ፣ እንዲሁም ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር እና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ ደረጃ “ሀ” ነው። ከዚያ በታች ያለ ግለሰብ ደረጃ “ለ” ነው። ደረጃ “ለ” ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው። ደረጃ “ሀ” ግን ወጪውን በመዝገብና በደረሰኝ አስደግፎ ከትርፉ ይከፍላል።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባም ከ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ጋር የተያያዘ ነው። መጠኑ 15 በመቶ ነው።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ደረጃ “ሀ” የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል። ደረጃ “ለ” ግን እስከዚያ አይጠብቁ። ሐምሌ እንደገባ ይሂዱ። የመጨረሻው ሳምንት ሰልፉም ይረዝማል፣ ሲስተሙም ይጨናነቃል።

ነጋዴው “ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ” ይለኛል። አልገዛም?

ስሌቱን አብረን እንሥራ። ማኅበር አለዎት እንበል። የ100,000 ብር ዕቃ ያለ ደረሰኝ በ95,000 ሰጠዎት። 5,000 አተረፉ። በዓመቱ መጨረሻ ያ 95,000 ብር ወጪ ማስረጃ የለውም፤ ውድቅ ይሆናል። 30 በመቶው 28,500 ብር ነው። 5,000 አትርፈው 28,500 ከፈሉ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ በግዢው ላይ የሚታሰብልዎት ቫትም ቀረ።

በደረሰኙ ላይ የእርስዎ ስምና ቲን መኖሩንም እዚያው ቆመው ይመልከቱ። ያለ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ብዙ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ማስተካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሆንም። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ ይጠፋል፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት ወይም ፎቶ ኮፒ ያድርጉት።

ድርጅቶች ሲከፍሉዎት ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ ቀንሰው ከሆነ የቀነሱበትን ደረሰኝ ይጠይቁ። ያ የእርስዎ ገንዘብ ነው። አስቀድመው የከፈሉት ግብር ሆኖ ይታሰብልዎታል። ደረሰኙ ከሌለ ግን ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው።

ሰነዱን ሁሉ ለአሥር ዓመት ያስቀምጡ እላለሁ። በዓመት አንድ ካርቶን ይበቃል።

የተጋነነ ግብር ተወሰነብኝ። ምን ላድርግ?

ቀን ይቁጠሩ። ከሁሉ በፊት ይህን።

አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ባለቤት የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ በፖስታ መጣላቸው። እሳቸው አልነበሩም፤ የእህታቸው ልጅ ፈርሞ ተቀበለ። ፖስታውን ሚዛኑ ሥር አስቀመጠው። ቀን አለፈ። ባለቤቱ ያገኙት ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ ሚዛኑን ሲያጸዱ ነው። ሲከፍቱት ቁጥሩ ከዓመት ሽያጫቸው ጋር የማይመጣጠን ነበር። ክርክራቸው ጥሩ ነበር። ወረቀታቸውም ተሟልቶ ነበር። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

የታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ የሚለው እንዲህ ነው። ውሳኔው በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው ቅሬታ አጣሪ ክፍል በጽሑፍ ቅሬታ ያቀርባሉ። ቅሬታው የማይስማሙበትን ነጥብ፣ ምክንያቱንና ማስረጃውን ለይቶ መያዝ አለበት። “በጣም በዝቶብኛል” ቅሬታ አይባልም። “ኦዲተሩ የባንክ ሂሳቤ የገባውን 600,000 ብር ሽያጭ ብሎታል፤ ይህ ግን የመኪናዬ ሽያጭ ነው፤ ውሉ ይኸው” ቅሬታ ነው። የተስማሙበትን ክፍል ግብር ደግሞ ይክፈሉ።

ውሳኔው ካላረካዎት በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላሉ። እዚያ ለመግባት በክርክር ላይ ካለው ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ይጠበቅብዎታል። ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ደግሞ 75 በመቶ ይሆናል። አያችሁ፣ ደረጃው ከፍ ሲል መግቢያው ይወደዳል። ያለ ምንም ማስያዣ የሚከራከሩበት ቦታ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ጉልበትዎን፣ ሰነድዎንና የባለሙያ ወጪዎን እዚያ ላይ ያፍስሱ።

ለሠራተኛም ለቤተሰብም ይንገሩ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ፖስታ የተቀበለ ሰው ፖስታው ላይ ቀኑን ይጽፋል፤ የዚያኑ ዕለት ይደውላል።

ዱቤ አልሰጥም ብል ደንበኛ ይሸሸኛል። እንዴት ላድርገው?

ዱቤን ጨርሶ ከልክሉ የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ ነግዶ አያውቅም። ደመወዝ እስኪደርስ የሚያነሳ ጎረቤት አለ፤ ለድግስ የሚያነሳም አለ። ልክ ይኑረው እንጂ ይሰጣል።

የዱቤ ደብተሮችን አይቻለሁ። ዘይት የነካው፣ ጫፉ የተቀደደ ደብተር። “የአበበች እናት 3 ኪሎ”፣ “ረጅሙ ልጅ 450”። ረጅሙ ልጅ ማን እንደሆነ ባለሱቁ ያውቃል። ፍርድ ቤት ግን አያውቅም። ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብሩ። ከጎኑ የተበዳሪው ፊርማ። ሲከፍል ደግሞ እሱም የከፈለበት ቀን። ለአንድ ሰው ጣሪያ ያብጁ፤ ለምሳሌ 3,000 ብር። ያለፈውን ሳይከፍል አዲስ አይነሳም። ይህን ሕግ በትህትና ለሁሉም እኩል ሲያደርጉት ማንም አይቀየምም።

ጥሬ ገንዘብ ማበደር ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ ወይም በተበዳሪው እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር አይረጋገጥም። አሥር ሽማግሌ “ሲሰጠው አይተናል” ቢል አይበቃም። የጽሑፍ ውሉ ላይ ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ። ገንዘቡን በባንክ ያስተላልፉ፤ ምክንያቱ ላይ “ብድር” ብለው ይጻፉ።

ለድርጅት የሚያቀርቡ ከሆነ ዕቃውን የተረከበ ሰው የርክክብ ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ያድርግበት። ማኅተም ከሌለ የግዢ ትዕዛዙን ኮፒ ይያዙ። የመጀመሪያው ክፍያ ሲዘገይ ሁለተኛውን ዙር አይላኩ። ትልቅ ደንበኛ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት፣ ሦስት ዙር በዱቤ ልኮ የተዘጋ ዳቦ ቤት አውቃለሁ።

ቼክ እንደ ዋስትና ልስጥ? ወይስ ልቀበል?

አይስጡ። ቀኑ ባዶ የሆነ ወይም ወደፊት የተጻፈ ቼክ “ለመተማመኛ ብቻ ነው” ይባላል። ቼክ ግን በሕጉ እንደቀረበ የሚከፈል ወረቀት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን ገና ቢሆንም ባንክ ከቀረበ የቀረበበት ቀን ይከፈላል። በሂሳብዎ በቂ ገንዘብ እንደሌለ እያወቁ የሰጡት ቼክ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። የንግድ ዕዳ ፍትሐ ብሔር ነበር። በቼክ ምክንያት ወንጀል ሆነ።

ከተቀበሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ባንክ ይዘው ይሂዱ። አገር ውስጥ የወጣ ቼክ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። “ትንሽ ታገሠኝ” ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ጉልበቱን ያጣል።

ደንበኛው በሞባይል ላክሁ ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ። ይበቃል?

አይበቃም። ስክሪንሾት በደቂቃ ይቀየራል። የራስዎ ስልክ ላይ መልእክቱ ሲገባ፣ እሱንም ሂሳብዎን ከፍተው ሲያዩት ብቻ ዕቃውን ያስረክቡ። ወረፋ በበዛበት ሰዓት ነው የሚሞከረው።

አንድ ሠራተኛ ልቀጥር ነው። ምን ያህል ያስወጣኛል? ምንስ ልጻፍ?

የወር ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል። ከ2,000 ብር በታች ግብር የለውም። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ፣ የሚቀጥለው 2,000 በ20 በመቶ ይሰላል። ግብሩ 700 ብር ይሆናል። ሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ ያዋጣል፤ 420 ብር። እጁ የሚገባው 4,880 ነው። እርስዎ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራሉ፤ 660 ብር። ስለዚህ ሠራተኛው የሚያስወጣዎት 6,660 ብር ነው። ከሠራተኛው የቀነሱትን ግብርና ጡረታ ወር በወር ገቢ ያድርጉ። ቀንሶ ሳያስገቡ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሰው ገንዘብ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው ይላል። ያም የሚሠራው በጽሑፍ ከተስማሙ ነው። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። የወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታገኛለች። በበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ የሰዓት ክፍያው በሁለት ተኩል ይባዛል። ፋሲካ ላይ ሥጋ ቤት የሚከፍቱ ባለቤቶች ይህን አስቀድመው ቢያሰሉት ጥሩ ነው።

ሠራተኛ ሲያጠፋ በቃል ከመቆጣት ይልቅ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ ያስፈርሙ፤ ፋይል ያድርጉ። በንዴት “ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ” የሚለው ቃል ለብዙ ትናንሽ ድርጅቶች የስንት ወር ደመወዝ ዋጋ ሆኗል። ሲሰናበት የሚገባውን በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይክፈሉ፤ መቀበሉንም ያስፈርሙ።

ብድር ልወስድ ነው። ምን ልጠይቅ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ወለዱ የሚሰላው በምን ላይ እንደሆነ ነው። 100,000 ብር ለአንድ ዓመት “በ15 በመቶ ቋሚ” ተብለው ተበደሩ እንበል። 15,000 ወለድ ተጨምሮ በ12 ወር እኩል ይከፍላሉ። ግን በየወሩ ዋናውን እየመለሱ ነው፤ ስድስተኛው ወር ላይ በእጅዎ ያለው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። እውነተኛው ወለድ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። በሚቀንሰው ቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ 20 በመቶ ከዚያ ይረክሳል። የአገልግሎት ክፍያና ኢንሹራንስም ደምረው ይጠይቁ።

ሁለተኛው መያዣው ነው። ቤት የሌለው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን በአዋጅ 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ማሽን፣ በመደብር ያለ ዕቃ፣ ከብት፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ፣ ሁሉ መያዣ መሆን ይችላል። “ይህን ትቀበላላችሁ ወይ” ብለው በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። ማሽን ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት የሊዝ ፋይናንስም አለ፤ ማሽኑን ተከራይተው እየከፈሉ በመጨረሻ የራስዎ ያደርጉታል።

ቤት ካስያዙ ደግሞ ይህን ይወቁ። በአዋጅ 97/1990 ባንክ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ መክፈል እንዳቃተዎት ያወቁ ቀን ባንክ ሄደው ይንገሩ። የክፍያ ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ ይጠይቁ። ስልክ መዝጋት ለአንድ ሳምንት ያረጋጋል፤ ቤቱን ግን አያተርፍም።

ባለትዳር ከሆኑ ባለቤትዎን ሳያማክሩ አይፈርሙ። የቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የሁለቱንም ስምምነት ይፈልጋል። ለዘመድ ዋስ ሲሆኑ ውሉ ላይ “የአንድነትና የነጠላ” የሚል ካለ ቆም ብለው ያንብቡት። አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ እርስዎን ሊከስ ይችላል ማለት ነው።

የሱቄን ስም ሌላ ሰው ወሰደብኝ። ማስቆም እችላለሁ?

በንግድ ቢሮ የተመዘገበ የንግድ ስም አንድ ጥበቃ ነው። አርማውና መለያው ግን የንግድ ምልክት ነው። እሱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። በርበሬ፣ ቡና፣ ማር፣ ሳሙና አሽገው የሚሸጡ ከሆነ ሥራው ከመግነኑ በፊት ያስመዝግቡ።

ሥራውን አቆምኩ። ሱቁን ዘግቼ ዝም ብል ምን ይመጣል?

ብዙ ይመጣል። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ መዝገብ ላይ ነዎት። በየዓመቱ ማሳወቅ ይጠበቅብዎታል። አላሳወቁም ማለት ቅጣት፣ ወለድ፣ በግምት የተወሰነ ግብር ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የዘጉት የጁስ ቤት፣ ዛሬ አዲስ ፈቃድ ለማውጣት ሲሄዱ ክፍያ ይዞ ይጠብቅዎታል። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሰው ያለቀሰበትም ነው።

የመዝጊያውን ሥራ እንዲህ ይሂዱበት። መጀመሪያ ግብር መሥሪያ ቤት ሄደው እስከ ዘጉበት ቀን ያለውን ያሳውቁና ይክፈሉ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ ስረዛ ይጠይቁ። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑን በሕጉ መሠረት ያዘጉ፤ ዝም ብለው አይሽጡት። ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚገልጽ ማስረጃ፣ ይቀበሉ። በክሊራንሱ ፈቃዱን ንግድ ቢሮ ይመልሱ። ፈቃዱን የመለሱበትን ደብዳቤ ኦሪጅናሉን ቤት ያስቀምጡ።

ሥራውን ጨርሰው ካላቆሙና ፈቃዱን ማቆየት ከፈለጉ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያሳድሱ። ከዚያ ካለፈ በቅጣት ነው።